ሽንጥ ለደንበኛ፣ ፌራሪም ለደንበኛ

የፋሲካ ማግስት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት ገባሁ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ወረፋው እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ግን ተራውን ጥሎ የሚሄድ የለም። ደረሰኝና "ጋሼ፣ ከሽንጡ አንድ ኪሎ ይቁረጡልኝ" አልኳቸው።

"ሽንጥ የለም።"

ሽንጡ ከጀርባቸው ተሰቅሏል። በነጭ ጨርቅ ቢሸፈንም ቅርጹ ያስታውቃል። ዓይኔ የት እንዳረፈ አዩና "እሱ የሰው ነው" አሉኝ። ዋጋ ልጨምር አልኩ። ቢላዋቸውን እየሞረዱ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ስንቴ መጣህ?"

ምን እላለሁ? ወርች አስመዝኜ ወጣሁ።

በባጃጅ ስንመለስ አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ከጥቅሉ ግማሹ የሚያልቀው በመኪና ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ላይ አንድ ጎረምሳ ሦስት ፌራሪ ከኋላው አሰልፎ፣ አራተኛውን ከለከሉኝ ብሎ ያማርራል። "አጎቴ፣ ገንዘቡ እያለው እንዴት አይሸጡለትም?" አለኝ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ስለሆነ ነገሩ አልገባውም።

"አሁን ሥጋ ቤት የሆነውን አላየህም?" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ነገሩን ላብራራ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ፌራሪ የሚባል ሁሉ አይከለከልም። መደበኛ ሞዴሎች አሉ። ሻጩ ጋ ሄዳችሁ ታዛላችሁ፣ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ዓመትም ይሁን ከዚያ በላይ ትጠብቃላችሁ፣ ይመጣል። ሌላው ዓይነት ቁጥሩ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። በ2024 ዓ.ም የወጣው ኤፍ80 ዋጋው 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው፤ የሚሠራው 799 ብቻ ነው። ለዓለም በሙሉ፣ ያውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከፋፍሎ። ፌራሪ ራሱ በ2024 ያስረከበው መኪና ሁሉ ቢደመር 13,752 ነው። ቶዮታ ይህን የሚያመርተው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ጨርቅ ስለተሸፈነው።

ቁጥር የመቁረጡ ጥበብ ባንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በ1987 ኤፍ40 ሲወጣ 400 ያህል ሊሠራ ነበር የታሰበው። ፈላጊው በዛ። እነሱም ሠሩ፣ ሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ከ1,300 አለፈ። ያኔ ተሸጠ፣ ደስ አለ። ቀጣዩ ኤፍ50 በ1995 ሲመጣ ግን ቁጥሩ 349 ሆነ። ለምን 349? ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ያስቃል። ገበያው 350 ይፈልጋል ብለን ገመትን፣ ስለዚህ አንድ ቀነስን ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ኤንዞ 399። ላፌራሪ 499። ዴይቶና ኤስፒ3 599። ኤፍ80 799። ሁልጊዜ አንድ ሰው ደጅ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ማንም ነጋዴ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ፈላጊው ከበዛ ለምን ዋጋውን አይሰቅሉትም? ለምን ጨረታ አያወጡትም?

በእርግጥ ጨረታ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታይቷል። ፌራሪ አንዳንዴ ከቁጥሩ በላይ አንድ መኪና ይጨምርና ለበጎ አድራጎት ይሸጠዋል። ላፌራሪ ሲወጣ ዋጋው 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አምስት መቶኛው በ2016 መጨረሻ ለጣሊያን የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች በጨረታ ሲሸጥ 7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ዴይቶና ኤስፒ3 ከፋብሪካ 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ስድስት መቶኛው በነሐሴ 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ 26 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለበጎ አድራጎት ሲሆን ሰው እጁን ይፈታልና ይህን የገበያ ዋጋ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በፋብሪካውና በገበያው ዋጋ መካከል ሰፊ ክፍተት እንዳለ ያሳያል።

ታዲያ ፌራሪ ያን ሁሉ ገንዘብ ሜዳ ላይ የሚጥለው ሞኝ ሆኖ ነው? አይደለም። ክፍተቱ ደሞዝ ነው። የሚከፈለውም ለደንበኛው ነው።

በሥጋ ቤቱ ላስረዳ። ባለሥጋ ቤቱ ሽንጡን ለእኔ በእጥፍ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። የዚያን ቀን ትርፋቸው ነው። ግን አንድ በሬ ሽንጥ ብቻ አይደለም። ወርች አለው፣ አንገት አለው፣ አጥንት አለው። ወር ሊያልቅ ሲል፣ ደሞዝ ሳይወጣ፣ ያን ሁሉ የሚወስድላቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ አጥንቱንም ጎድኑንም ሳያማርጥ የሚወስደው አንድ ነገር አውቆ ነው። ለፋሲካ ሽንጡ የእሱ ነው። ሽንጡን ለእኔ ቢሰጡ የዚያን ቀን እጥፍ አገኙ፣ የዓመቱን ደንበኛ ግን ሸኙ።

ፌራሪም በሬውን ሙሉውን መሸጥ አለበት። ያ ሁሉ 13 ሺህ መኪና ኤፍ80 አይደለም። ሮማ ነበረ፣ ፖርቶፊኖ ነበረ፣ ሌሎችም አሉ። እነዚህ አጥንት ናቸው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ቢሰጡኝ ሳሎኔ ውስጥ አቁሜ አብሬያቸው እተኛለሁ። ግን መደበኛ ሞዴል ስለሆኑ ብዙዎቹ ከሻጩ ግቢ በወጡ ማግስት ዋጋቸው ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው 300 ሺህ ዶላር የሆኑ አምስት መኪኖች በስምንት ዓመት ውስጥ ገዛ እንበል። እያንዳንዱን ሲለውጥ 60 ሺህ ከሰረ። ባጠቃላይ 300 ሺህ ማለት ነው። በዘጠነኛው ዓመት ያን ቁጥሩ የተቆረጠውን መኪና በፋብሪካ ዋጋ ፈቀዱለት። ገበያው ላይ ከከፈለው በአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ያወጣል። ኪሳራው ተካካሰ፣ ተርፎም ተመለሰ። የመኪናው ዋጋ ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ አልነበረም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲከፈል የኖረም ነበረበት።

ደላላ ቢነግራችሁ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ሽንጥ ከፈለክ አጥንት ብላ።

መመዘኛው እንደ ፈተና ውጤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ነገሩን በቅርብ የሚያውቁ ግን የሚያነሷቸው ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ምን ያህል መኪና ገዝተሃል? የገዛኸውስ አዲሱን ከእኛ ሻጭ ነው ወይስ ያገለገለ ከመንገድ? ያገለገለ ብዙም አይቆጠርም፤ ምክንያቱም ከዚያ ገንዘብ ፋብሪካው ጋ የደረሰ የለም። ሃያ አሮጌ ፌራሪ ያለው ሰው እንደ እንግዳ ሊታይ ይችላል። ምን ያህል ጊዜ ይዘህ ቆየህ? መሸጥ ሲያምርህ መጀመሪያ ለሻጫችን አቀረብክ ወይስ በጓሮ አሳለፍከው? በውድድራችን ትነዳለህ? ካቫልኬድ በሚባለው የደንበኞች ጉዞ ላይ ትገኛለህ? ድሮ የተሠራ ፌራሪ ካለህ በእኛ እጅ ታስጠግነዋለህ? መኪናህን ስታዝ ቀለሙን፣ ቆዳውን፣ ክሩን እንደ ልብህ አስለውጠህ ጨምረህ ከፍለሃል? ይህችን የመጨረሻዋን እንዳትንቋት። ለደንበኛ ፍላጎት የሚደረግ ልዩ ማስዋብ ብቻውን ፌራሪ ከመኪናና ከመለዋወጫ ከሚያገኘው ገቢ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው።

በየከተማው ያለው ሻጭ ደንበኛውን ያጫል። ልዩ ለሆኑት ግን የመጨረሻው ስም ዝርዝር የሚጸድቀው ፋብሪካው ባለበት ማራኔሎ፣ ጣሊያን ነው። መኪናው ለሕዝብ ሲታይ፣ ጋዜጠኛ ፎቶ ሲያነሳው፣ የእህቴ ልጅ በቲክቶክ ሲያየው፣ ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ታውቀዋል። መጋረጃው የሚነሳው ለሽያጭ አይደለም። ለእኛ ለተመልካቾቹ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አንኮበር አለ። ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙበት ነው። ሹመት የፈለገ ሰው ገንዘብ ይዞ ሄዶ አይገዛም ነበር። ደጅ ይጠናል። ይታያል፣ እጅ መንሻ ያቀርባል፣ ዘመቻ ሲባል ይዘምታል፣ ስሙ እስኪነሳ ይጠብቃል። ግብር ሲበላ እንኳ ብልቱ የሚከፋፈለው በማዕረግ ነው፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚሄድ ይታወቃል። ማራኔሎ ያለው ግቢ ከዚህ የሚለየው አገልጋዩ ጣሊያንኛ መናገሩ ነው።

ደጅ ጠንቶ የተመለሰም አለ። ፕሬስተን ሄን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ የታወቀ ትልቅ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ባለቤት፣ በአንድ ወቅት የመኪና ተወዳዳሪ፣ ፌራሪ በብዛት የነበረው ሽማግሌ ነው። ላፌራሪ አፔርታ የሚባለው ጣራው የሚከፈተው ሊወጣ ሲል የአንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ ጻፈና በቀጥታ ለኩባንያው አለቃ ለሰርጂዮ ማርኪዮኔ ላከ። ቼኩ ተመለሰ። በ2016 ፍርድ ቤት ሄደ። የከሰሰው ለምን አልሸጣችሁልኝም ብሎ ብቻ አይደለም፤ ብቁ ገዢ አይደለም በመባሌ ስሜ ጠፋ ብሎ ነው። በኋላ ክሱን ተወው፣ በ2017 አረፈ። ገበያ ይመራ የነበረ ሰው ነውና "እሱ የሰው ነው" የሚለውን መልስ ራሱም ለስንት ሰው እንደመለሰ እንጃ።

አሁን ወደ አየር በአየሩ እንምጣ።

ክፍተቱ ደሞዝ ነው ብያለሁ። ደሞዙን በአንድ ቀን ተቀብሎ መጥፋት የሚፈልግ ሞልቷል። መኪናውን ዛሬ ተረክቦ፣ ላስቲኩ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ነገ በእጥፍ ያወጣዋል። እኛ አገር ይህን ለማወቅ ፌራሪ አያስፈልግም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት እንዳይሸጥ ተደንግጎ ነበር። ሰዉ ምን አደረገ? በውክልና ሸጠ። የመኪና ፋብሪካዎችም ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

አንዱ መላ ኪራይ ነው። ፌራሪ ኤፍ50ን አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የሰጠው በሁለት ዓመት ኪራይ ነበር። ከፍተኛ ቅድሚያ ትከፍላለህ፣ በየወሩ ትከፍላለህ፣ ስሙ ግን ገና የአንተ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ሊብሬው አልተሰጠህም። ያልያዝከውን ሊብሬ ልትሸጥ አትችልም። ፖርሼ ይህችን ዘዴ በ2023 እንደገና አነሳት። 911 ኤስ/ቲ የሚባለውን 1,963 ብቻ ሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ ገዢዎች የመጀመሪያውን ዓመት በኪራይ እንዲይዙት አደረገ።

ሌላው መላ ውል ነው። የዚህ ምሳሌ ፎርድ ጂቲ የሚባለው የፎርድ ፈጣን መኪና ነው፤ እንደ ቪዲዮው ጎረምሳ ያሉ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች ጉዳይም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ፎርድ እንደ ፌራሪ ለአርባ ዓመት ደጅ የጠና ደንበኛ የለውም። ሰዎች የሚያውቁት በፒካፑ ነው። ስለዚህ በ2016 ማመልከቻ ከፈተ። ሥራ እንደሚያመለክት ሰው ፎርም ትሞላለህ። የቀድሞው ፎርድ ጂቲ አለህ? ትነዳዋለህ ወይስ ታቆመዋለህ? በጎ አድራጎት ላይ አለህ? በማኅበራዊ ሚዲያ ምን ያህል ተከታይ አለህ? ቪዲዮም ቀርጸህ መላክ ትችላለህ። ለመጀመሪያዎቹ 500 መኪኖች ከ6,500 በላይ የተሟላ ማመልከቻ ገባ። ሚሊየነሮች ካሜራ ፊት ቆመው "እኔን ምረጡኝ" ሲሉ አስቡት። ሽሚ150 በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ዩቲዩበር ከተፈቀደላቸው አንዱ ነው። ፎርድ ያደረገው ንግድ ግልጽ ነው። አንተ መኪናውን ትነዳዋለህ፣ ትቀርጸዋለህ፣ እኛ ለማስታወቂያ የምናወጣውን ታተርፍልናለህ።

ውሉ ላይ ሁለት ዓመት መሸጥ አይቻልም የሚል ነበረበት። ከተመረጡት አንዱ ትግለኛውና የፊልም ተዋናዩ ጆን ሲና ነው። ዝናውም ነበረው፣ በዩቲዩብ መኪና ያሳያል፤ በወረቀት ላይ ፍጹም ዕጩ። ከ460 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ በመስከረም 2017 ተረከበ፣ በሳምንታት ውስጥ ሸጠው። ፎርድ ከሰሰው። በ2018 ተስማሙ፤ ሲና ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘብም ለበጎ አድራጎት ሄደ። በዚያው ዓመት ሌላ ፎርድ ጂቲ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ጨረታ ወጣ። ፎርድ ሊያስቆመው ፍርድ ቤት ሮጠ። ግን ሻጩ ከመጀመሪያው ገዢ የተረከበ ሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ አላገደም፤ መኪናው 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ውክልናው እንዴት እንደሠራ አያችሁ?

ለዚህ ነው ብዙዎቹ ከውል ይልቅ በፍርሃት የሚያምኑት። የሮልስ ሮይስ የያኔው አለቃ በ2023 ስፔክተር የሚባለውን መኪና ገዝቶ ቶሎ የሚያተርፍበት ሰው ለዘላለሙ ጥቁር መዝገብ ይገባል ብሎ ነበር። የአስቶን ማርቲኑ አለቃም ከዚያ በፊት ቫልኪሪ ስለሚባለው መኪና ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ሊከራከር ይችላል። የቀጣዩ መኪና ስም ዝርዝር ላይ አለመገኘት ግን ይግባኝ የለውም። አሥር መኪና የሚፈልግ ሰው አንዱን ሸጦ ዘጠኙን አያጣም።

ተጽዕኖ ፈጣሪዎቹን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። የእህቴ ልጅ እንደሚመስለው ተከታይ ያለው ሁሉ መኪና በነጻ አይታደልም። በቪዲዮ የምናየው አብዛኛው ለቀናት የተዋሰ ነው፣ ወይ የተከራየ፣ ወይ የወዳጅ፣ ወይ ያገለገለ የተገዛ። መዋስና መፈቀድ ለየቅል ናቸው። ማዋስ ማስታወቂያ ነው፣ መፍቀድ ግን ሹመት ነው። በዚህ በኩል ፌራሪ ከፎርድ ጋር አይገናኝም። ዝና ሥጋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዴድማውስ የሚባለው ካናዳዊ ሙዚቀኛ ፌራሪውን በድመት ሥዕል አልብሶ፣ የፌራሪን አርማ በድመት ቀይሮ "ፑራሪ" አለው። በ2014 ከኩባንያው ጠበቆች ደብዳቤ ደረሰው። ሥዕሉን አነሳ፣ ቀጥሎ ላምቦርጊኒ ገዛና ድመቷን እዚያ ላይ ለጠፋት። ሎስ አንጀለስ ያለ አንድ የሰዓትና የጌጣጌጥ ነጋዴም በኢንስታግራም ፌራሪዎቹን ሲያሳይ በመቶ ሺዎች የሚከተሉት ሰው ነበር። አፔርታውን ጠይቆ አላገኘም።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። የተጽዕኖ ፈጣሪው ተመልካች እነማን ናቸው? እንደ እህቴ ልጅ ያሉ ናቸው። ፌራሪ ሊገዙ አይችሉም። ታዲያ ለፋብሪካው ምን ያደርጉለታል? ዋናውን ነገር ያደርጉለታል። ይመኛሉ። ደብረ ብርሃን ባጃጅ ውስጥ ያለ ልጅ ስሙን ካላወቀው፣ ሞናኮ ያለው ባለሀብት ሲነዳው ማን ዞሮ ያየዋል? ሽንጡ ሽንጥ የሆነው ወረፋው ላይ ያለነው ሁላችን ስለምናውቀው ነው። ልጁ በጥቅሉ ከፍሎ ያየው ቪዲዮ፣ ሳያውቀው ለሌላ ሰው መኪና ክብር አዋጥቷል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ተጽዕኖ ፈጣሪውን ጨርሶ አያባርርም፣ ግን እልፍኝ አያስገባም። በረንዳ ላይ ያስቀምጠዋል።

ቁጥር መቁረጥ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ጃጓር በ1988 በርሚንግሃም ላይ ኤክስጄ220ን አሳየ። 12 ሲሊንደር ሞተር ይኖረዋል ተባለ። አየር በአየር የለመደው ሁሉ 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ ይዞ ተሰለፈ። መኪናው በ1992 ሲደርስ ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ሆኗል፣ ዋጋው ወጥቷል፣ የእንግሊዝ ኢኮኖሚ ወርዷል። ቀብድ ከፋዮቹ መኪናውን ሳይሆን ትርፉን ነበር የፈለጉት። ትርፉ ሲጠፋ ሊያመልጡ ተሯሯጡ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። 350 ይሠራል የተባለው 300 እንኳ አልሞላም። የደንበኛና የአየር በአየር ነጋዴ ልዩነት የሚታየው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ፖርሼ ደግሞ ራሱ አየር በአየሩን ያተነፈሰበት ጊዜ አለ። በ2016፣ 911 አር የሚባለውን ሞዴል 991 ብቻ ሠራ፤ ቅድሚያውን 918 ስፓይደር ለሚባለው የራሱ ውድ መኪና ባለቤቶች ሰጠ። አሜሪካ ውስጥ 185 ሺህ ዶላር የነበረው መኪና አንዳንዱ ሻጭ ጋ ሚሊዮን ይጠየቅበት ጀመር። በማግስቱ ዓመት ፖርሼ ጂቲ3 ቱሪንግን አመጣ። ያው ሞተር ለማለት ይቻላል፣ ያው በእጅ የሚቀየር ማርሽ፣ ቁጥሩ ግን ያልተቆረጠ። የ911 አር ዋጋ ወረደ። ባለሥጋ ቤቱ ሁለተኛ በሬ አረዱ ማለት ነው።

ክሮኤሽያ የሚሠራው ሪማክ ኔቬራም አለ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ 150 ብቻ። ፍጥነቱ ለጉድ ነው። ግን 150ው ቶሎ ተሸጦ አላለቀም። ሀብታሞቹ ያደጉት የሞተር ድምፅ እየሰሙ ነው።

የሚገርመው፣ እኛ አገር በሕግ ሊገባ የሚችለው ይኸው ኔቬራ ነው። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ሰዎች አንዱ ነገ ዕድል ቢቀናው የነዳጁ ፌራሪ አይፈቀድለትም፣ ኔቬራው ግን ይፈቀድለታል። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዓይኑ በራ። ከዚያ ወደ ሰፈራችን የሚገባውን ኮረኮንች አሰበ። የእነዚህ መኪኖች ሆድ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። የተሳፈርንበት ባጃጅ ራሱ በዚያች ቅጽበት ጉድጓድ ገብቶ ሁለታችንንም ከጣራው አላተመን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አለፈ። ባለፈው ሳምንት፣ የወሩ ማለቂያ አካባቢ፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሳልፍ ባለቤቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ገበያ የለም። "ና እስቲ" አሉኝ። ገባሁ።

"ጥሩ አጥንት አለ፤ ለሾርባ ይሆንሃል።"

ቤት ሾርባ የሚወድ የለም። ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ። ሲጠቀልሉልኝ ስሜን ጠየቁኝ።